ለነፋስ የሚሆን ሳጥን

ከባሕሩ በኩል ዝናብ ወደ ጎን ሲዘንብ፣
በሊየፓያ ወደብ፣ ከመጋዘኖቹ አጠገብ፣
ከጠባቧ ሱቄ ያገለገለ ኮምፒውተር ፈትቼ ስደረድር፣
ወይዘሮ ቪዝማ ገቡ፤ በእጃቸው እርጥብ ወረቀት፣ ሙሉ ቁጥር።

«ታሊቫልዲስ አንተ ነህ? ሰርቨር ልሠራ ነው፤
የመጀመሪያዬ ነው። ዝርዝሩን የወንድሜ ልጅ ነው የጻፈው።»

አነበብኩት። ያ ልጅ ምኞት አይነጥፍበት፤
ፕሮሰሰሩ ባለ አሥራ ስድስት ኮር፣ ማዘርቦርዱ መብራት ያለበት፣
ማቀዝቀዣው በውሃ፣ ሳጥኑ መስታወት፤
እንደ ሠርግ ድንኳን ቀለም የሚተፋ፣
የስድስት ወር ጡረታ በአንድ ጉርሻ የሚያጠፋ።

መሸጥ ነበረብኝ፤ የሱቅ ኪራይ አለብኝ።
ምላሴ ግን ቀደመኝ፤ «ምን ሊያስቀምጡበት ነው?» አሰኘኝ።

«ነፋስ» አሉ። ፊታቸው ላይ የቀልድ ጭረት የለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቀንም ሌሊትም፣
ከወደቡ ጫፍ፣ ከአየር ጠባይ መመዝገቢያ፣
ሕይወታቸው በየሦስት ሰዓቱ መንቂያ፤
ካፖርት በሌሊት ልብስ ላይ ደርበው፣
አቅጣጫና ፍጥነት በእርሳስ ከትበው።
ጣቢያው ሲዘጋ ሥራው ለአንድ የብረት ምሰሶ ተሰጠ፤
አርባ ስምንቱም ደብተር ለምድጃ ተመረጠ።
እሳቸው በልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ጎትተው አስገቡት ቤት።
አሁን በረንዳቸው ላይ አንዲት መለኪያ ትዞራለች፤ በደቂቃ አንድ ቁጥር ናት ያላት።

«እና ለአንድ ቁጥር አሥራ ስድስት ኮር?
ይህ ለአንዲት ቁንጫ መድፍ መቀሰር!»
አልኩና ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ ከጉምሩክ ቢሮ በጡረታ የወጣች፣
ባለ አራት ኮር፣ ሥራ ስትፈታ ከኩሽና አምፖል ያነሰ የምትበላ፣ ጸጥ ያለች።
(የኤሌክትሪክ ዋጋ ሰማይ በነካበት ክረምት
ሰርቨር ማለት የማይተኛ እንግዳ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይበላል በቤት።)

ዋጋዋን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው፣
«ራሟ ስህተቱን ራሱ ያርማል ወይ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን አይተው።
አያርምም። የሚያርመው ውድ ነው፤ ይህ ማዘርቦርድም አይቀበለው።
«ለቤት ሰርቨር ግድ የለም» አልኩ፤ ብዙ ሰው የሚለው ነው።

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አንድ ሌሊት» አሉኝ፣
«ሃያ ሰባትን ሰባት ብዬ ጻፍኩኝ።
እንቅልፍ ነበረብኝ። ጀልባ አልሰጠመም፤ የሞተም የለም፤
እኔ ግን ያቺን ገጽ እስከ ዛሬ መግለጥ አልችልም።»

ያወረድኳትን መልሼ ሰቀልኩ። እንደገና ጀመርን።
ቀርፋፋ ፕሮሰሰር፣ ውድ ራም፤ ጌጡን ሁሉ ቀነስን።
ሃርድ ዲስክ ሁለት፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ፣
ግን ከሁለት ፋብሪካ፤ መንታ አብሮ ይታመማል።
ሦስተኛው እህታቸው ዘንድ፣ ቬንትስፒልስ፣ ከሹራብ ጋር ቁም ሳጥን ይገባል።
ፓወር ሰፕላዩ ላይ «እዚህ ጋ ስስት የለም» አልኩ፤ «የረከሰው ሲሞት
ብቻውን አይሞትም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ይወርዳል ወደ መሬት።»

የቀረው ማራገቢያ። ሦስቱን በየተራ ሰካሁ።
ጉንጫቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ።
«ይህ አራት ሜትር በሰከንድ። ቅጠል ያነቃንቃል፤ አልፈልገውም።
ይህ ያፏጫል።
ይህኛው... ሁለት። ጭስ ያጎነብስበታል፣ ጉንጭ ይሰማዋል፤ ሌላ ምንም።
እሱን ስጠኝ።»
ሃያ ዓመት ማራገቢያ ስሸጥ በጉንጩ የመዘነ አላየሁም።

ከፈሉ። ካቻቢቴ አዋስኳቸው፤ ብሎኖቹን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁ።
ከወጡ በኋላ ባንኮኒዬ ላይ የደረሰኝ ቁራጭ አገኘሁ፤
በጀርባው፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ሐሙስ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ከአርባ። የታሊቫልዲስ ሱቅ፣ ከውስጥ። ነፋስ ከደቡብ፣ በሰከንድ ሁለት።»
ከአጠገቡ የኔትወርክ ኬብላቸው፣ እንደተጠቀለለ፣ ረስተውት።