ቻይ አልልሽም

ቢስቲማ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤
መብራት ከሄደ ቆየ፣ ባትሪውም ደክሟል።
ዘምዘም ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ
ቆማለች፣ አንገቷ እስከ ጡቷ ወዛ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ምጡም የበኩር ነው።
«የሚያደነዝዝ መርፌ…?» ያለችኝ ማታ ነው።

«የለም» አልኳት። ውሸት ምጥ አያሳጥርም።
ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጓንት አለ፣ ጥጥ አለ፣ መቀስ አለ፤
ለሕመም የሚሆን ግን
ያለኝ ሁለት መዳፍ።

ምጡ ሲያፋፍምባት መዳፌን አድርጌ
እጫነዋለሁኝ ከወገቧ ግርጌ፣
በክንዴ አይደለም፣ በሙሉ ክብደቴ፣
ጎርፍ ሲመጣ በር ደግፋ እንዳደረችው እናቴ።
ሲለቃት እለቃለሁ፣ ውሃ አስጎነጫታለሁ፣
ሙቅ ፎጣ ጨምቄ ጀርባዋን አለብሳለሁ።
ኮሪደሩን አብረን
ሰባት እርምጃ ሄደን፣ ሰባት እርምጃ ዞረን፣
ስድስተኛው ላይ ሲይዛት አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች።
«ሲስተር፣ ሞትኩ» አለች።
«አልሞትሽም። የፈላ አጥሚት እንደምታበርጂ
ቀስ ብለሽ እፍ በይ።»

አማቷ እማ ዙበይዳ፣ ከበሩ ሥር፣ ተስቢህ በእጇ፦
«ቻይ እንጂ ልጄ፣ በእኛ ቤት በጩኸት አይወለድም።»

ቻይ።
ይቺን ቃል እኔም ብያለሁ፣
ደሴ፣ ተማሪ ሳለሁ፣
አንዲት የወረኢሉ ሴት ስትጮህ፦
«ቻይ! አንቺ ብቻ ነሽ ወላድ?»
ዝም አለች።
ነጠላዋን ነክሳ፣ ዝም እንዳለች ወለደች፤
ልጇን ሳቅፋት እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።
ከዚያ ወዲህ የጮኸች አታስፈራኝም፣
ዝም ያለች እንጂ።

«ጩሂ እህቴ» አልኳት፣ «ጩሂ አንቺ ዘምዘም፣
ግድግዳው ይችላል፣ እኔም እችላለሁ፣ አንቺ ግድ የለሽም።»

ጮኸች።
ከውጪ ውሻ መለሰላት፣ ከማዶ ደግሞ ሌላ።
እማ ዙበይዳ ተነሳች። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር።
ጫማዋን አውልቃ ገባች፣
መዳፏን ከመዳፌ አጠገብ አኖረች።
«እዚህ ጋ ነው የሚያቃጥለው፣
ሰባቱንም ሳምጥ እዚህ ጋ ማንም አልነካኝም» አለች።
ከዚያ ወደ ምራቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ
«አብሽሪ» አለቻት፣ «አብሽሪ»፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሴት ልጅ ናት። ሲነጋ መጣች፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

መዝገቡ ላይ «ለሕመም የተሰጠ» የምትል
ጠባብ ሳጥን አለች።
«ምንም» ብዬ ጻፍኩ፤
መዳፌ እየተንቀጠቀጠ
ፊደሉ ተዛነፈ።