የበሩ ዓይን

«እዚያ ሰፈር?» አለኝ ወንድይፍራው ደንግጦ፣
ማንኪያውን ከሾርባው መሃል አስቀምጦ።
«ታክሲ ነድቻለሁ አሥራ ሁለት ክረምት፤
ሳርጀንትን የማልፈው በር ቆልፌ፣ በፍጥነት።
ባንዱ ጎን ዳቦ ቤት፣ ባንዱ ጎን ሲሪንጅ፤
ከዊኒፔግ ሁሉ ይሄን መረጥሽ፣ ልጅ?»

የኔ ሒሳብ አጭር ነው፦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ያጠፍኩት አንሶላ፣ የሆስፒታል ሁሉ፣
ተደምሮ ተባዝቶ ለባንኩ ቢነገር፣
አንድ መኝታ ነው፤ እሱም እዚያ ሰፈር።
ሦስተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለው፤ ቀይ ሸክላ፤
መቶ አሥር ክረምት ግጦ ያልጨረሰው ገላ።

ቅዳሜ ዞርኩበት፣ ብቻዬን፣ በእግሬ፣
ቦርሳዬን ከኮቴ ከውስጥ ቀብሬ።
አንድ መስኮት በጣውላ፣ አንዱ በአበባ ተሸፍኗል፤
የፊሊፒኖው ፀጉር ቤት ሬዲዮ ከፍቷል።
ጥግ ላይ አንዱን ጎረምሳ እንቅልፍ ጥሎታል፤
አንዲት ሴት፣ ሳትቀሰቅሰው፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት።
የቱን ልቁጠር? ጣውላውን? ብርድ ልብሱን?
ሁለቱንም ቆጠርኩ። ድምሩ አልመጣልኝም።
ወኪሉ «እያደገ ያለ ሰፈር ነው» ይላል፤
አጎቴ «እየሞተ ያለ»፤
ሰፈሩ ግን ቆሟል፣ አውቶቡስ ይጠብቃል።

ቤት መርማሪው መጣ፤ ባትሪ ይዞ ገባ ጓዳ፣
ግድግዳ መታ፤ ጆሮውን ለግድግዳ
ሰጠ እንደ ሐኪም። ጻፈ፦ «መስኮቱ አርጅቷል።
ሽቦው የድሮ ነው። ጣሪያው አምስት ዓመት ይቆያል።
የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ክፍተት ይታያል።»
በመጨረሻ በሩ ጋ፣ ጽሑፉን አቋርጦ፣
«ይኼስ አዲስ ነው» አለ፤ ዝም አለ አፍጦ፦
ሦስት ቁልፍ ካለው በር፣ ካንገት ከፍ ብሎ፣
የበሩ ዓይን ጠፍቷል፣ በቀለም ተከልሎ።
ከውስጥ በኩል። በእጅ። ሦስቴ ተደርቦ።

ሻጯ ሲግሩን ናት፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት፤
ከዚያ ውስጥ አርባ አንዱን ኖራለች በዚያ ቤት።
አያቶቿ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአይስላንድ የመጡ፤
እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኖቿ ግን ገና በሰው የሚያላግጡ።
«በሩን ማን አሳወረው?» አልኳት ጠረጴዛ ላይ።
«ቀድሞ አይ ነበር» አለች፣ «በዚያች ቀዳዳ፤
ያየሁት ሁሉ ሌባ፣ ያየሁት ሁሉ ባዳ።
መስታወቱ ጠማማ ነው፤ አፍንጫ ያገዝፋል፤
የልጅ ልጄ እንኳ ቢቆም ነፍሰ ገዳይ ይመስላል።
ደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ በጆሮዬ ነው።»
ወረቀቱን ገፋችልኝ። «እዚህ ጋ ፈርሚው።»

ፈረምኩ። አሥራ አንድ ቦታ ስሜ ተጻፈ፤
የሃያ አምስት ዓመት ዕዳ ስሜን አቀፈ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ፍራሼ ወለል ላይ፤
ውጭ አንዱ ይስቃል፤ አንዱ ይሰድባል ሰማይ።
የብረት ማሞቂያው ግድግዳ ያንኳኳል፤
«ማነው?» ስለው ዝም፤ ስተኛ ይቀጥላል።
ተነሣሁ። ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞላሁ፤
የራሴ ነውና እስካንገቴ ገባሁ።

ያኔ ነው የተንኳኳው። ማሞቂያው አይደለም።
በር ነው። አራቴ። የምጠብቀው የለም።
ፎጣ አገልድሜ በእርጥብ እግሬ ሮጥኩ፤
ዓይኔን ለጥፌ ቀለም ብቻ አሸተትኩ።
ሲሪንጁ፣ ጣውላው፣ የአጎቴ ታክሲው፣
ሁሉም ተሰልፈው ከበሩ ማዶ ናቸው።
«ማነው?» አልኩ።

«ክላረንስ ነኝ» አለ፣ «ከታችሽ፤ ጎረቤት።
ይቅርታ ስላወክሁሽ በዚህ ውድቅት ሌሊት፤
ብቻ አልጋዬ ላይ ሞቅ ያለ ዝናብ አለ፣ ካንቺ ቤት።»

ሦስቱን ቁልፍ ፈታሁ። ሽማግሌ ቆሟል፤
ባንድ እጁ ባልዲ፣ ባንዱ መወልወያ ይዟል፤
የኔው ሳሙና አረፋ ሽበቱ ላይ አርፏል።

በማግስቱ አጎቴ ደወለ፦ «እህ፣ ሰፈሩ?
ሰዎቹስ እንዴት ናቸው? ይዘጋል ወይ በሩ?»
«አንዲት አለች» አልኩት፣ «አዲስ የገባች ሴት፤
የሰው ጣሪያ በስታ ገላ የምትታጠብ ሌሊት።»

አዲስ የበር ዓይን ገዝቻለሁ፣ ስምንት ዶላር፤
ከማሸጊያው አልወጣም፤ መሳቢያ ውስጥ ያድር።
ክላረንስ ሲሊኮኑን ይዞ እሑድ ይመጣል፤
ማሞቂያው እንዳይመስለኝ፣ አምስቴ ያንኳኳል።