ቀሪ ሂሳብ

ስድስት ኮሌጆች ነበሩ፣ በበቆሎ ባሕር የተከበቡ፣
ከአውራ ጎዳናው የራቁ፣ ለሰማይ ግን የቀረቡ፤
ካርታ ላይ ብትፈልጓቸው የዝንብ ኩስ ነው የሚያህሉ፣
በረዶ በወደቀ ምሽት ግን፣ ኳሷ ወለል ስትመታ፣ አገር ያካክሉ።

አቧራው የነብራስካን ሰማይ ገና ሳይከድነው፣
በኮልበርግ ባቡር ጣቢያ፣ ምድጃውን ከበው፣
ሦስት ቄስ፣ ሁለት ገበሬ፣ አንድ የአልጀብራ መምህር፣
ሊግ መሠረቱ፤ ስሙንም አሉት «የፕለም ሸለቆ ማኅበር»።
ደንብ አንድ፦ «እሑድ ጨዋታ የለም።»
ደንብ ሁለት፦ «እንግዳ ቡድን ራቱን ሳይበላ አይሸኝም።»
ደንብ ሦስት ላይ ቀለም ፈሶ ምን እንደሚል አይታወቅም፤
ሰማንያ ዓመት ሙሉ ግን ማንም ጥሶት አያውቅም።

አሰልጣኙ ቀን የላቲን መምህር፣ ማታ የአውቶቡሱ ሾፌር፤
ረጅሙ ልጅ ላም አልቦ ነው የመጣ፤ ኳሷ ከእጁ ሙልጭ ስትል ነበር።
አዳራሹ ዝቅ ያለ ነው፤ ቅስት አድርጎ የወረወረ
ከጣሪያው ጋር ተነጋገረ።

ዋንጫው የወተት ጣሳ ነው፣ ከኦስካር ቲቭነስ በረት የመጣ፣
ነሐስ ተቀብቶ የከበረ፣ ሙቀት ሲነካው ግን የጥንት ጠረኑ የሚወጣ፤
ያሸነፈ ይወስደዋል፤
የተሸነፈ ያጥበዋል።
ይህ ደንብ አልተጻፈም። መጻፍ አላስፈለገውም።

እኔ የመጨረሻው ጸሐፊ ነኝ። ከኖርድቪክ ነኝ።
ቃለ ጉባኤው በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው የደረሰኝ።
በየዓመቱ ግርጌ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣
እንደ መዥገር የተጣበቀች፦
«የዳኛ ሊዮፖልድ ክራትስ አሥራ ሁለት ዶላር በሚቀጥለው ይከፈል።»
ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ሰባ። ይከፈል፣ ይከፈል።

በሃምሳ ስምንቱ ፍጻሜ፣ የበረዶ ማዕበል መንገዱን ውጦ፣
ሰውዬው በትራክተር ነው የመጣ፣ ፊሽካውን በጥርሱ ይዞ፣ ጋዜጣ ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ።
አሥራ አንድ ተመልካች፤ ትኬት የቆረጠ የለም፤ ካዝናው ባዶ፤
በአንዲት ነጥብ ኖርድቪክ ረታ፤ ፌርሎን ሄደ ተናዶ።

ከዚያማ ሞት መጣ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ለቅሶ።
ፌርሎን ቀደመ፤ ማደሪያው የአሳማ መኖ ጎተራ ሆነ፣ ደጁ ፈርሶ።
የሴቶቹ ኮሌጅ ተሸጠ፣ ከነኦርጋኑ።
ቤተል ግሮቭን ትልቅ ሊግ ጠራውና፣ በዚያው ቀኑ
ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤
ዋንጫውን ሳያጥብ ሄደ።
(ሌላውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።)

በመጨረሻው ስብሰባ ሦስት ነበርን፤ ፓይ አዘዝን፤
ቬልማ ኦስትጋርድ «ይፍረስ» አለች፤ እጅ አወጣን፤ ተያየን።
ካዝና፦ አርባ አንድ ዶላር ከስልሳ ሳንቲም።
ሂሳብ ሳይዘጋ ደግሞ መቃብር አይዘጋም።

ዳኛው ክራትስ በሕይወት ነበር፤ ከልጁ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ።
አሥራ ሁለቷን ቆጥሮ ተቀበለ፤ ደረሰኝ ጻፈልኝ በወግ፣ በአግባብ።
ወደ በሩ ስሄድ «ቆይ» አለኝ፣ «አንድ ነገር አለብኝ፤
ያቺ የመጨረሻዋ ፊሽካ... ጥፋት አልነበረም። ብርድ ነበር። ቤቴ ናፈቀኝ።»

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መዝገቡን ገለጥኩ።
ኖርድቪክን ሰረዝኩ። የራሴን።
«ፌርሎን» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን አኖርኩ፤ ፈረምኩ፤
በፈረሰ ሊግ ስም ለሞተ ኮሌጅ ዋንጫ ሰጠሁ።

ደንብ ደንብ ነው። የተሸነፈ ያጥባል።
ጣሳውን በጓሮዬ በሶዳ ፈተግኩት፣ ነሐሱ እስኪላጥ፣
ቆርቆሮው እስኪያፈጥ።
ከዚያ ጭኜ ወደ ፌርሎን። የመኖ ጎተራው ጠባቂ፣
አንድ ወጣት፣ ነገሩን ሁሉ ሰማኝ፤ አልሳቀም።
«የት ላስቀምጠው?» አለ።
«ዝናብ የማይደርስበት።»
ክዳኑን ከፈተ፣ አፍንጫውን አስገባ፣
ቀና ብሎ አየኝ፦
«ወተት ነበረበት እንዴ?»