ሁለት ጣት

ጣራው እምቢ ካለህ፣ ሚፍታህ፣ ጣራውን አትክሰስ፤
ወደ ታች ውረድና ግድግዳህን ዳስስ።
ይህ ፕሮግራም ሞኝ ነው፣ ሐቀኛ ሞኝ ግን፤
ክፍል ብሎ አይጠራም ያልተዘጋውን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስትደውልልኝ
ከድምፅህ ኋላ የማውስህን ጠቅታ ሰማሁ፤
አንድ ቁልፍ፣ ሃያ ጊዜ።
ተው።
ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ዚክር አይደለም።

መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጥ።
«የመጨረሻ» አትበለው፣
«የመጨረሻው መጨረሻ»ም አትበለው፣
ቀኑን ጻፍበት።
የጀጎል መብራት እንደ ተቀየመ አማች ነው፤
ሳይሰናበት ይሄዳል፣
ሲመለስ ምንም እንዳላደረገ።

ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ደብቅ፤
ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣
ደንበኛዋ እንዲያምርላት የተከልክላትን ዛፍ።
ግድግዳ ብቻ ይቅር።
ቤት ራቁቱን ካልታየ ሕመሙ አይገኝም።

አሁን ተጠጋ። ዙም አድርግ፣ ደግመህ ዙም፣
ስክሪኑ ነጭ እስኪሆን።
ከሩቅ የተሳሳሙ የሚመስሉ ሁለት መስመሮች
ቀርበህ ስታያቸው ተኳርፈዋል።

ቤት ያልመታ ግጥም፣ ያልገጠመ ቤት፣
ሁለቱም ያፈሳሉ በክረምት።

እኔም አንድ ጊዜ፣ የወይዘሮ ረምዚያን ቤት፣
ከአስማዲን በር ገባ ብሎ፣
ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መንገድ ላይ፣
ጣራው ሊታደስ ነው ተብዬ ሣልኩ።
ሦስት ሌሊት ጣራ ለመንኩ።
አምስቱ ነደባ ልክ፣ ኪርታቱ ልክ፣
የጣቄቶቹ ጥልቀት ልክ፤
በሰሜኑ ማዕዘን ግን ሁለት ጣት።
ሜትሬን ሰደብኩ።
ሜትሩን የያዘልኝን ልጅ ሰደብኩ።
ዘጠና ዲግሪ ያልገባቸውን የጥንት ግንበኞች፣
አላህ ይማረኝ፣ እነሱንም ሰደብኩ።
በመጨረሻ አጭበረበርኩ፤
መስመሩን ጎትቼ አጣበቅሁት።
ጣራው ወዲያው ተከደነ፤
ቀይ፣ ያማረ፣ ውሸት።

በማግሥቱ ፕሪንቱን ዘረጋሁላት።
መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣
ጣቷን ማዕዘኑ ላይ ጫነች፤
«እዚህ ጋ የሐሊማ ቀዳዳ ነበረ። የት አደረስከው?»

ተነሥታ የተሰቀለውን ሙዳይ አወረደች።
ከኋላው ስንጥቅ፤
ያረጀ አይደለም፣ አስበው የተዉት፣
ጠርዙ በኖራ የተለሰነ፣
በሁለት ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ድረስ።

«እናቴ ስታምጥ ሐሊማ በዚህ ሰማች።
በሰዓት እላፊው ዘመን የትኩሳት ክኒን በዚህ አለፈ፣
አንድ፣ አንድ፣ እንደ መቁጠሪያ።
ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።
አሁን ማዶ ያለው ተከራይ ነው፤
የሚያየውን ኳስ እሰማለሁ።
ማን እንዳሸነፈ ከሱ ቀድሜ ነው የማውቀው» ብላ ሳቀች።

ተመልሼ መስኮት ላደርገው ሞከርኩ፤
ፕሮግራሙ «ከዝቅተኛው ልክ በታች» አለኝ።
እሱ ምን ያውቃል።
ግድግዳውን ሙሉ አድርጌ ዘጋሁ፣
ጣራውን ከደንኩ፣
ኋላ በቀጭን ሳጥን ወግቼ
ድንጋዩን ከድንጋይ ቀነስኩ።
ቅደም ተከተሉን ያዝ፤
መጀመሪያ ዝጋ፣ ቀጥሎ ክደን፣ ከዚያ ክፈት።
ተገላቢጦሹን ብዙ ሰው ሞክሮ
ዝናብ ገብቶበታል።

አንተም ወደ ማዕዘንህ ሂድ።
ምናልባት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤
አብዛኛውን ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው።
አጣብቀውና ተኛ።
ሦስቴ ለክተህ ሦስቴም ያው ከሆነ ግን
ነገ ፀሐይ ሳይከር ሂድ፣ አንኳኳ፣
«ከዚህ ማዶ ማን ነበረ?» በል።
ሻይ ካቀረቡልህ አትቸኩል።

ደግሞ ሜትሬን መልስልኝ፣ ያችን ቢጫዋን።
ጫፏ ተቆርጧል፣ ሳልነግርህ ቀረሁ፤
ከዜሮ አይደለም፣ ከአሥር ጀምረህ ነው የምትለካባት።