አከርካሪ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማቶዚኞስ ወደብ ዳር፣
የሰርዲን ጀርባ ስከፍት፣ ቆሜ ከቆርቆሮው ጋር፣
በአውራ ጣቴ ዳብሼ፣ አንገቱ ሥር ስደርስ
ስስበው መዥረጥ ይላል፣ አጥንቱ እስከ ጭራው ድረስ።
ስንቱን እንዳወጣሁ እንጃ፤ በቀን አምስት ሳጥን፣ ስድስት።
አንድም ቀን አልጠየቅሁም፣ ዓሣው ምን ተሰማው ብዬ፤
ዛሬ ግን ተራው ደረሰ፤ ሰው ጣት ሥር ዋለ ጀርባዬ።

«ተኮራመቺ» አለኝ ሐኪሙ፣ ኤቫሪስቶ ይባላል፣
«እንደ ሽሪምፕ፣ እንደተቆጣች ድመት፤ እንዲያ ሲሆን ይቀላል።»
ይቀላል! ሆዴ ከጉልበቴ መሃል እንደ በርሜል ተደንቅሮ፣
ምጡ በየሦስት ደቂቃው ወገቤን ሲጠመዝዝ፣ እንደ ገመድ አክርሮ።
«እንዳትነቃነቂ» ይላል ደግሞ።
ማዕበል ላይ ያለ ጀልባን ማን እንዲህ ብሎት ያውቃል?
አዋላጇ ግራሲንዳ ግንባሬን ከአንገቷ ሥር ወሸቀችው፤
ሳሙናና ሽንኩርት ትሸታለች። ምሳዋን አቋርጫት ይሆን?

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነገር ጠረገኝ። ቀጥሎ አውራ ጣት መጣ፤
አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጥሮ ወረደ፣ ደግሞም ወጣ።
አወቅሁት ያንን አውራ ጣት፤ የኔው ነው፣ የኔው ሙያ፤
የቆመባት ስንጥቅ ናት የመርፌው መተላለፊያ።

የንብ ንድፊያ። ከዚያ ግፊት፤ ሕመም አይሉት፣ ምን ይሉት፤
በትከሻው በር የሚገፋ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይከፍቱለት።
ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።
ግራ እግሬ ሳላዝዘው ተፈናጠረ፣ መብረቅ እንደነካው፤
«ይቅርታ» አለ ኤቫሪስቶ፤ ለኔ ይሁን ለእግሬ እንጃ።
ከዚያ በጀርባዬ ውስጥ ቀዝቃዛ ክር ወረደ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ሩብ ሰዓት ያህል ምንም።
ከዚያ የእግሬ ጣቶች ሞቁ፤ ተረከዜ ከዳኝ፤ ጭኔ ሄደ።
ምጡ መጣ። ሲመጣ አየሁት፤
ከሆዴ ዳር ደርሶ፣ አሸዋውን ልሶ ተመለሰ።
ግራ ብሽሽቴ ላይ ብቻ ሳንቲም የምታህል ቦታ
ነቅታ ቀረች። አልተኛም አለች፣ ስትጮህ አደረች ማታ።

ግራሲንዳ በረዶ አምጥታ ጭኔ ላይ አደረገች። «ይቀዘቅዛል?»
ሃያ ሁለት ክረምት በረዶ ጣቶቼን ሲበላ ኖሯል፤
በረዶ ነው፣ አውቀዋለሁ። ጭኔ ግን ረስቶታል።
ሳቅሁ። ከዚያ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ አፍንጫዬን አሳከከኝ፣
ያለቀስኩም መሰለኝ።

እግሬን በእጄ አነሳሁት፦ የሌላ ሰው፣ ሞቅ ያለ፣ የጨው ከረጢት ያህላል።
ማሽኑ ወረቀት ላይ ተራራ ይስላል።
«ይሄኛው ትልቅ ነው!» ይላል ባሌ ኒካኖር፣ ጭንቅላቱን ይዞ፤
እኔ የሌላ ከተማ ዝናብ
በሬዲዮ ሲነገር እንደሚሰማ ሰው ተኝቻለሁ።

ሊነጋጋ ሲል «ግፊ!» አሉኝ። ወዴት?
ጨለማ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን እንደሚገፋ ሰው ገፋሁ፣
በግምት።
የመራችኝ ያቺው ሳንቲም ናት፣ ያልተኛችው ቦታ፤
ሌሊቱን ሙሉ የረገምኳት፣
«በዚህ ነው፣ በዚህ» እያለች፣ እንደ ወደብ ፋኖስ በርታ።

ወጣች። እርጥብ፣ ትኩስ፣ ቁጡ።
ደረቴ ላይ አደረጓት፤ ደረቴ ንቁ ነው፣ ሁሉን ሰማ።
አውራ ጣቴ ልማዷ ነው፤ ከልጄ አንገት ሥር ጀመረች፣
ምስር የሚያህሉ አጥንቶች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ደንግጣ ቆመች።

አማቴ ዙልሚራ በማለዳ ገባች። አምስት ወልዳለች፣ ጥርሷን ነክሳ።
«አላመመሽም አሉ» አለች፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ።
«ነበረ» አልኳት። «ግን ከጎን ያለው ክፍል ነበር፤
ዕቃ ሲጎትት እሰማዋለሁ።»
ዝም አለች። አንሶላውን ገለጠች።
ከቦርሳዋ የሱፍ ካልሲ አውጥታ፣
ገና ያልተመለሰውን እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣
አሸት አሸት አድርጋ አጠለቀችለት።
አየሁት እንጂ
አልተሰማኝም።