ስንጥቡን ገልጣ

በጋና ዳርቻ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ታንኳ አይወጣም፤
ባሕሩ ያርፋል፤ ቢለምኑት እንኳ ከሱ መልስ አይመጣም።
ያን ቀን ነው ነቢዩ ኤልያኪም ድንኳኑን የጣለ፣
መረብ በሚጠገንበት አሸዋ ላይ፣ ሥራ የፈታ ሰው ስላለ።

እኔ ሽቦ ዘርጊ፣ ማጉያ ሰቃይ ነበርኩ ለስሜ፤
እውነተኛው ሥራዬ ግን፣ ከወረፋው መሐል ቆሜ
«ምን አመመሽ እናቴ? ልጅሽ ማን ይባላል?» ማለት ነበር፤
የሰማሁትን በቁራጭ ወረቀት ለነቢዩ ማሻገር።
ወረቀቷ በመጽሐፉ ገጾች መሐል ትገባለች፤
ከሰዓት በኋላ «መንፈስ ነገረኝ» ሆና ትወጣለች።
ሴቶቹ ይወድቃሉ። እኔ ሽቦዬን እጠቀልላለሁ።
በቀን ሃምሳ ሴዲ። ደስም ይለኝ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ?

አክስቴ ኤፉዋ ዓሣ በጢስ ታደርቃለች፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጭቃው ምድጃ ፊት ቆማለች።
ታንኳ ሲደርስ ሌሎቹ የሚያዩት ቅርፊቱን ነው፣ ብልጭታ፤
እሷ መንጋጋውን በአውራ ጣቷ አንሥታ፣ ስንጥቡን ገልጣ፣ አሽትታ፣
ወይ ትገዛለች፣ ወይ ቅርጫቱን ትመልሳለች፤
«ይሄ በድማሚት ነው፤ ባሕሩ አልሰጣችሁም» ትላለች።

ድማሚት ቀላል ነው። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ክር፣ አንድ ጩኸት፤
ከዚያ ዓሣው ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል ያለ ልፋት።
ታንኳ ይሞላል። ከሩቅ ላየው ሰው በረከት ይመስላል፤
አጥንቱ ግን ከሥጋው ተላቋል፤ ዓይኑም ደም መስሏል።
ጤነኛው ዓሣ በእሳት ይጠነክራል፣ ጅራቱን ነክሶ ይደርቃል፤
የድማሚቱ ይፈርሳል፤ በሽቦው ሾልኮ አመድ ላይ ይወድቃል።

አንድ ማክሰኞ መጣች።
ስለ እሷም ጻፍኩ። አዎ፣ የገዛ አክስቴን፦
«ባሏ ኮቢና፤ ባሕር የበላው፤ ሬሳው ያልተገኘ።»

«ኤፉዋ!» አለ፤ ማጉያው ጮኸ፤ «ኮቢና ከጥልቁ ይጠራሻል!
የመንገዱን ዘይት ግዢለት፤ ነፍሱ ታርፋለች፣ ሕልሙም ይተውሻል!»
«አሜን» ሲባል ድንኳኑ ተናወጠ። እሷ አልወደቀችም።
ወደ ነቢዩም አላየችም፤ ወደ ሰዉ ዞረች፤ አልቸኮለችም።
እንደ ቅርጫት ዓሣ አንድ በአንድ አየችን፤
ክዌሲን፣ የታንኳውን ሞተር ሸጦ «ዘር» የዘራውን፣
ዛሬ በሰው ታንኳ ላይ ቀዛፊ የሆነውን፤
አጆዋን፣ የስኳር መድኃኒቷን ለእምነት ብላ የጣለችውን፣
እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ የምታነክሰውን፤
ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ያቺን አሮጊት፣
«ጠንቋይ ናት» ተብሎ የገዛ ልጆቿ የሸሿት።

ከዚያ ተናገረች፤ ያለ ማጉያ፣ ከማዕበል ጋር ስትጯጯህ በኖረ ድምፅ፦

«ልጄ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ባሌን ባሕር በልቶታል።
ይህንን ግን የመንደሩ ፍየል እንኳ ያውቃል።
ሰው አጥማጅ ብሎ የጠራቸው ጌታ መረብ ነበር ያስያዛቸው፤
ሌሊቱን ደክመው፣ ሲነጋ መረብ የሚያጥቡ ነበሩ ራሳቸው።
አንተ የነካኸውን አየሁት፤ ውስጥ ለውስጥ አጥንቱ ረግፏል።
ታንኳህ ሞልቷል፣ አልክድም። እሳት ሲመጣ ማን ይተርፋል?»

ማንም አላጨበጨበም። ነቢዩ ሳቀ፤ መዝሙር አስነሣ።
ግማሹ ሰው እዚያው ቀረ።
አጆዋም ቀረች።

ማታ ወደ ምድጃዋ ሄድኩ፤ ኪሴ ውስጥ ሃምሳው ሴዲ፣ እርሳሴም አለች።
«የኮቢናን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እንጨት ጨመረች።
ከዚያ ጢስ ባጠቆረው አውራ ጣቷ መንጋጋዬን አነሣች፤
ፊቴን ወደ እሳቱ አዙራ፣ ረጅም ጊዜ አየች።
ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።
ብቻ ቢላውን ሰጠችኝ፤
«ሆዱን ቅደድ፤ ሐሞቱን ግን እንዳታፈርጠው» አለች።