ይጥበቅ ወይስ ይቅር

ከብሬሺያ በላይ፣ ወንዙ ብረት ብረት በሚሸትበት ሸለቆ
ቴሬንዚዮ መጣ፣ ዝናብ አርሶት፣ ጠመንጃውን በጆንያ ደብቆ።
ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፣ አሮጌ፣ ከሟች ቤት ሐራጅ የገዛው፣
ሰደፉ ላይ የሰው ጉንጭ ወዝ ያለው፣
ቁልፉን አውራ ጣት ነካ ሲያደርገው
እንደ እንቅልፋም መንጋጋ ወለል የሚለው።

«ላልቷል» አለ፤ «አጥብቅልኝ።
መሸታ ቤት ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ።
የነሱ ጠመንጃ ሲከፈት በጉልበት ተጭነው ነው፣
የኔ ባለቤት እንደሌለው በር ነፋስ ይበቃዋል፣ ምንድነው?
አንዱ ‹ፊትህ ላይ ይፈነዳል› አለኝ፣ ሌላው ‹ገንዘብህን አስመልስ›፤
ሦስት ሌሊት አልተኛሁም፣ እሱን ስከፍት ስመልስ።»

ቦርቶሎ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«የላላው ሲከፈት ነው፣ ወይስ ተዘግቶም?» አለ።
«ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

(ይህን በፊደል የምጽፈው እኔ ነገሩ ገባኝ ቶሎ፤
ስንት ቃል አለን፣ መልኩ አንድ፣ ፍቺው ለሁለት ተከፍሎ!
«ገና» ላልቶ ሲነበብ «ታገሥ፣ አልደረሰም» ነው፤
ጠብቆ ሲነበብ ደርሷል፣ በግ ታርዷል፣ በዓል ነው።
ዓይን አይለየውም፤ የሚለየው አፍ ነው።)

ሽማግሌው የፊቱን እንጨት ፈታ፣ አስቀመጠ ከጎን፣
ብረት ከብረት ጋር ብቻውን እስኪሆን።
ዘጋው፤ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነቀነቀው፤
ኳ የለ፣ ቀጭ የለ። አሁንም ነቀነቀው።
ከኪሱ የሲጋራ ወረቀት አውጥቶ መሀል አስገባ፣
ዘግቶ ሲስበው ተቀደደ እንጂ ንቅንቅ አላለም፤ ኩራዝ አበራ፣ ጥላሸት ቀባ፣
ዘጋ፣ ከፈተ፤ ጥቁሩ ታትሟል ከዳር እስከ ዳር፣
አንዲት ክፍተት ሳይተው፣ እንደ ማኅተም ያምር።

«ተዘግቶ ቃሉን ይጠብቃል» አለና
መቀርቀሪያውን ፈታ፤ ሞላውን በፒንሳ አወጣና
ከሥሩ ጭሮ የተጻፈ አንድ ፊደል አየ።
በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ።

«ይህ እኔው ነኝ።

ዴልፊና ናት። የፈትል ፋብሪካው መዘውር
ግራ እጇን ጎትቶ የሰበረው፣ በሠላሳ ዓመቷ፣ በኅዳር።
ጥንቸል መብላቷን ግን ማን ይከለክላታል?
‹ቦርቶሎ፣ በአንድ እጅ ልክፈተው› አለች፤ እምቢ ይባላል?
ሁለት ሳምንት በሞረድ ስልግ ከረምኩ፣ ሞላውን አሳሳሁ፣
ጥፍሬ እስኪያልቅ ድረስ በዘይት አሸሁ፣
በራሱ ክብደት እስኪወድቅ፤
ደግሞም ሲዘጋ፣ እንዳየኸው፣ ቅንጣት እንዳይፈለቀቅ።
በጉልበቷ ይዛ፣ በቀኝ አውራ ጣት...
ሠላሳ አንድ ክረምት!
እኔ ደግሞ ልላቱን ስትነግረኝ ያረጀ መስሎኝ ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ። አንድ ሰው በቶርኖው በኩል አለፈ።
«ይጥበቅ ካልክ ይጠብቃል» አለ ቦርቶሎ፤ «ሌላ ሞላ፣ ግማሽ ቀን ሥራ፤ አለቀ።
አንተ ሁለት እጅ አለህ።»

ቴሬንዚዮ እጆቹን አያቸው፣ እንደ ተበደረ ሰው።
«ስንት ልክፈል?»
«የሲጋራ ወረቀት አንድ ግዛልኝ፤ ያንተን ነገር ቀደደው።»

ቤቱ ገባ። ባዶነቱን ሁለቴ ካየ በኋላ
ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ አዘነበለ፤ ተከፈተ፣ አላቅማማም ላፍታ እንኳ።
ሲዘጋው ግን የአውራ ጣቱን ቆዳ ነከሰው።
ደሙን መጠጠ፣ ተሳደበ፣ ደገመው።
በሁለቱ ቀዳዳ የወጥ ቤቱ መብራት ይታያል፤
ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፍና ሳንቲም ይነካካል።
እራቱ ቀዘቀዘ።